«ከወደዱ ከነንፍጡ»፦ አባባሉና የፍቅር አባዜ

«ከወደዱ ከነንፍጡ» ይባላል። «ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚሉም አሉ። ሰው ከወደድክ ጉድለቱንም አብረህ ተቀበል ነው ነገሩ። እስከዚህ ድረስ ማንም ያውቀዋል። እኔ ግን ስለ ፍቅር አባዜ የተሠሩ የሥነ ልቦና ሆረር ፊልሞችን ባየሁ ቁጥር ይሄ አባባል ትዝ ይለኛል። ፊልሞቹ የሚያስፈሩን ነገር እዚህ ሁለት ቃል ውስጥ አለ።

መነሻው ምስሉ ራሱ ነው። ንፍጥ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ሕፃን ነው። ጉንፋን የያዘው ልጅ እየሮጠ ሲመጣ፣ የሚወደው ሰው «ቆይ አፍንጫህን ልጥረግ» አይልም። ያቅፈዋል፣ ይስመዋል፤ ትከሻው ይርሳል። አባባሉ «ጉድለት» ብሎ በደፈናው አላለፈም። የሚያጸይፈውን ነገር ስም ጠርቶ አመጣው።

ጉልበቱ ያለው ግን «ከነ» ላይ ነው። ከነልብሱ ተኛ፣ ከነጫማው ገባ እንላለን። ሳይነጠል፣ እንዳለ ማለት ነው። ወድጄ ኋላ አስተካክለዋለሁ የሚል ሐሳብ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

አባዜ የሚጀምረው ይሄ «ከነ» ሲጠፋ ነው። በ1958 የወጣውን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ቨርቲጎ» እንይ። ትሪለር (ልብ አንጠልጣይ ፊልም) ነው የሚባለው፤ ለእኔ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ሆረር ነው። ስኮቲ የተባለው የቀድሞ መርማሪ የሚወዳት ማደሊን ሞታበታለች። ከዚያ እሷን የምትመስል ጁዲ የምትባል ሴት መንገድ ላይ ያያል። ይከተላታል፣ ይቀርባታል፣ ወዲያው «ማስተካከል» ይጀምራል። የማደሊንን የመሰለ ግራጫ ልብስ ይገዛላታል። ቡናማ ፀጉሯን ወርቃማ ያስቀባታል። ከፀጉር ቤት ስትመለስ እንኳ አልበቃውም፤ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ አልተያዘማ! ይለምናታል፤ በስተመጨረሻ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጠቅልላው ትወጣለች። ከውጭ በሚገባው የኒዮን መብራት ክፍሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ እሷም ከሞት የተመለሰች ትመስላለች። እሱ በደስታ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔን የሚሰቀጥጠኝ ይሄ ነው። ደም የለ፣ ቢላ የለ። ሴትየዋ ዓይናችን እያየ እየጠፋች ነው፣ እሱ ደግሞ ፍቅር ነው ይለዋል።

ስኮቲ ጁዲን ከነፀጉሯ እንኳ መውደድ አልቻለም። ከነንፍጧማ የት አግኝቶት።

ሕክምናም ይህን የመሰለ ነገር ያውቃል። ፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ጋኤታን ደ ክሌራምቦ በ1921 ያብራራው ሕመም ኢሮቶማኒያ ይባላል። ታማሚው አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በኑሮ ከፍ ያለ ሰው፣ በድብቅ ይወደኛል ብሎ ያምናል። ያ ሰው ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። «አልወድህም» ቢለው እንኳ ሌላ ምስጢራዊ መልእክት አድርጎ ይተረጉመዋል። የሚወደው ሰው አጠገቡ ስላልኖረ ጉድለቱን የሚያይበት ዕድል የለም። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሰው ንፍጥ የለውም።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ አንድ የሚከነክነኝ ነገር ላንሳ። አባባሉን ለማይሆን ቦታ የሚያውሉት አሉ። አንዱ ፍቅረኛውን ደቂቃ በደቂቃ እየደወለ ያስጨንቃል፣ ስልኳን ይበረብራል፣ ከሥራ ስትወጣ ተደብቆ ይከተላታል። እሷ ስትማረር «ስለሚወድሽ እኮ ነው፣ ከወደዱ ከነንፍጡ» ትባላለች። ይሄ ፈጽሞ አይገናኝም። ንፍጥ የራስን አፍንጫ ነው የሚያበላሸው፤ ሰው አያሳድድም። ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅ በብዙ አገር ወንጀል ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ካሊፎርኒያ ቀድማ በ1990 ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለታለች።

አባባሉ የሚያምረው ለሚያንኮራፋ፣ ቀጠሮ ለሚረሳ፣ አንድ ወሬ አሥር ጊዜ ለሚደግም፣ ሲናደድ ለሚያኮርፍ ሰው ነው። አብሮት የሚኖረው ሰው «ምን ላድርግ፣ ከወደዱ ከነንፍጡ» ብሎ ሲስቅ ስትሰሙ፣ አባባሉ በትክክል ቦታው ላይ ነው።