ጆርጅ ፎርማን ማንን ነበር የሚመስለው?

ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን የነበረው ጆርጅ ፎርማን ከመሐመድ አሊ ጋር ሊጋጠም ኮንጎ፣ ኪንሻሳ ሲገባ ጀርመን ሼፐርድ ውሻውን ይዞ ነበር። ለእሱ ጓደኛው ነው። ለአገሬው ሰው ግን የቤልጂየም ቅኝ ገዢ ፖሊስ ሕዝቡን ያስፈራራበት የነበረው ዓይነት ውሻ ነው። ሕዝቡም "አሊ፣ ቦማ ዬ!" እያለ ለአሊ ወገነ፤ አሊ፣ ግደለው ማለታቸው ነው። ሻምፒዮኑ ፎርማን በ8ኛው ዙር ተዘረረ።

ያን ጊዜ ፎርማን ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ጋዜጠኛ ያመናጭቃል፣ ተጋጣሚውን በዓይኑ ያስፈራራል። ይህን ጠባይ የቀዳው ከሶኒ ሊስተን ነው። ሊስተን አብሮት የተለማመደ፣ ያደነቀውም የቀድሞ ሻምፒዮን ነበር። ቡጢውን ከእሱ ሲማር ኩርፊያውንም አብሮ ወሰደ። ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ የሚያደንቁትን ሰው መርጠው አይቀዱም፣ ሙሉውን ነው የሚወስዱት።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ራሱ እንደ ቦክሰኛ ይናገራል። "ነፋስን እንደሚጎስም" አልጋደልም ይላል። ቡጢውስ የት ነው የሚያርፈው? "ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ።" ተጋጣሚው የገዛ ሥጋው ነው፤ ለሌሎች ሰብኮ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ይፈራል። ከዚያ በኋላ ነው በምዕራፍ 11 "እኔ ክርስቶስን እንደምመስል እኔን ምሰሉ" የሚለው። ለአርአያነቱ ልክ አበጀለት። ክርስቶስን በመሰልኩበት ምሰሉኝ፣ ባልመሰልኩበት ግን አትከተሉኝ እንደ ማለት ነው።

ፎርማን በ1977 በሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ በጂሚ ያንግ በነጥብ ተሸነፈ። ራሱ እንደመሰከረው፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ የሞት ፍርሃት ያዘው፤ እዚያው ጌታን አገኘ። ቦክሱን ለ10 ዓመት ተወው። በሂዩስተን መንገድ ላይ ሰበከ፣ ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ፣ በ1984 የወጣቶች ማዕከል ከፈተ። ወደ ሪንግ የተመለሰውም ለማዕከሉ ገንዘብ ሲቸግረው ነው።

የተመለሰው ሰው ሌላ ነበር። በውፍረቱ ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል። በ1994፣ በ45 ዓመቱ፣ ኪንሻሳ ላይ የለበሰውን ቁምጣ ለብሶ የጊዜውን ሻምፒዮን ማይክል ሙረርን ገጠመ። ዘጠኝ ዙር ሙሉ በነጥብ ሲበለጥ ቆይቶ በ10ኛው ዙር ሙረርን ዘረረው፤ ወደ ጥግ ሄዶም ተንበርክኮ ጸለየ።

ሆኖም ቅዱስ አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ሰባኪ ከሆነ በኋላም ትዳሩ ፈርሶበታል። ሻምፒዮን የሆነ ወንድም ሁሉ በሁሉ ነገር መምህራችን ነው ማለት አይደለም፤ የጳውሎስ ልክ ለእሱም ይሠራል።

ዛሬ ግጥሚያ የሚሸጠው በስድብ ሆኗል። በመግለጫ ላይ ጠረጴዛ ይገለበጣል፣ የተጋጣሚ ቤተሰብ ይሰደባል። እኛ አማኞችስ? ቪዲዮውን ለወዳጅ እንልካለን፣ "ጀግና!" ብለን እንጽፍበታለን። ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ምን እንዳሳቀን ያያል። አባቶች፣ እናቶች፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ እባካችሁ ግጥሚያውን ከልጆቹ ጋር እዩት። ጥሩ ቡጢ ሲያርፍ አድንቁ። ስድቡ ሲመጣ ግን አትሳቁ፤ ይህ ክርስቶስን ይመስላል ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ለእነሱ ተዉት፣ ያውቁታል።