ካስተር ምንድን ነው?

ጅማ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ለብርሃንም ለአየርም ብሎ ቀኑን በረንዳ ላይ ይሠራል። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በጅሬን በኩል ሰማዩ ሲጠቁር የጠረጴዛ መጋዙ፣ የመሣሪያ ካቢኔው፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀው ቁም ሳጥን ሁሉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። አራት ሰው ተጠርቶ ይሸከማል፤ ወይም ዕቃው ሥር ካስተር ካለ አንድ ሰው ገፍቶ ያስገባዋል።

ካስተር ማለት ሱቅ ሄደን በደፈናው «ጎማ» ብለን የምንጠይቀው ነው። ተሽከርካሪው፣ ተሽከርካሪውን ግራና ቀኝ የያዘው ሹካ፣ ከዕቃው ጋር የሚታሰርበት ሳህን ወይም ዘንግ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ካስተር ይባላሉ። አንዳንዱ ቋሚ ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ እንጂ አይዞርም። ሌላው ሹካው በኩሽኔታ ላይ ስለተቀመጠ ዙሪያውን ይዞራል። የሚዞረውን ከጎን ብታዩት የተሽከርካሪው ፐርኖ (የሚሽከረከርበት ዘንግ) ከኩሽኔታው መሃል ትክክል ሥር አይደለም፤ ትንሽ ወጣ ብሏል። ዕቃውን ስትገፉ ተሽከርካሪው በገመድ እንደሚሳብ ጥጃ ዞሮ ከኋላ የሚከተለው በዚያች ትንሽ ርቀት ነው።

ካስተር ሲገዛ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የክብደት ሒሳብ ነው። እኔም የመጀመሪያውን የመሣሪያ ካቢኔዬን ስሠራ እንዲህ አሰብኩ፦ ካቢኔው 60 ኪሎ፣ የሚገባበት ዕቃ 120 ኪሎ፣ ድምሩ 180። አንዱ 50 ኪሎ የሚችል ካስተር አራት ብገዛ 200 ይሸከማል፣ ይተርፋልም። ብዙም ሳይቆይ ደፍ ስናሻግረው የአንዱ ሹካ ተጣመመ።

ምክንያቱን የሚያውቀው የጅማ በርጩማ ነው። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ወለሉ የፈለገውን ያህል ቢጎረብጥ አይነቃነቅም፤ ሦስት እግር ሁልጊዜ ይረግጣል። አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። የሥራ ቤታችን ሊሾ ደግሞ የተሰነጠቀ፣ የጎረበጠ ነው። ስለዚህ አራት ካስተር ብትገጥሙም ክብደቱን የሚሸከሙት ሦስቱ ናቸው ብላችሁ አስሉ። 180 ሲካፈል ለ3፣ 60 ኪሎ። ያ ዝቅተኛው ነው፤ ደፍና ጉድጓድ የሚያሳርፉት ምት አለና እኔ 80 የሚችለውን እገዛለሁ።

ታዲያ ለምን ሦስት ብቻ አንገጥምም? ባጃጅ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ የተሳፈረ መልሱን ያውቃል። ሦስት ነጥብ አይወዛወዝም፣ ነገር ግን ወደ ጎን ለመገልበጥ ይቀርባል። ረጅም ካቢኔ፣ ላዩ ላይ ተከፍቶ የቀረ መሳቢያ ተጨምሮበት፣ በሦስት እግር አይታመንም።

ቀጥሎ የተሽከርካሪው ትልቅነት ይመጣል፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ደፍ እንውሰድ። አንዱ ተሽከርካሪ 60 ኪሎ ተሸክሞ ደፉን ሲነካ፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለማስወጣት 80 ኪሎ ያህል የግፊት ኃይል ይፈልጋል። 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 45 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። ሰጋቱራና ቁርጥራጭ እንጨት በሞላበት ወለል ላይም ትንሹ በየቁርጥራጩ ይቆማል። 100 ሚሊ ሜትሩ ዕቃውን ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ስለሚያደርገው የሥራ ጠረጴዛ ከሆነ እግሩን አስቀድማችሁ አሳጥሩ፤ አለዚያ ትከሻችሁ ይከፍላል።

ስለ ዓይነቱ ብዙ የምለው የለኝም። ናይለኑ ጠንካራና ርካሽ ነው፣ ግን ይንኳኳል፣ ንዝረቱንም ሁሉ ለዕቃው ያስተላልፋል። የጎማው ዝም ይላል፣ ሆኖም ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ለወራት አንድ ቦታ ከቆመ ሥሩ ይደፈጠጣል። ፖሊዩሪቴን የለበሰው መሃል ቤት ነው፤ ካገኛችሁ እሱን ግዙ።

ፍሬኑን ግን አገላብጣችሁ እዩት። አንዳንዱ የሚይዘው ተሽከርካሪውን ብቻ ነው፤ ሹካው እየዞረ ስለሚቀጥል ጠረጴዛው ላይ ስትልጉ ዕቃው ይወዛወዛል። የምትፈልጉት ሁለቱንም የሚቆልፈውን ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አራቱም ቢዞሩ ይመቻል፤ በረጅም ኮሪደር ለሚገፋ ዕቃ ሁለት ቋሚ ባንድ ወገን፣ ሁለት ዟሪ በሚገፋበት በኩል።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። የሚዞረው ካስተር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የዕቃው መቆሚያ ይጠብባል፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ወደ ማዕዘኑ አስጠጉት። ከመቅደዳችሁ በፊት ግን ዙሪያውን አዙሩትና ከእግር ወይም ከሌላው ካስተር ጋር አለመጋጨቱን እዩ።

ቺፑድ ላይ በቪቲ ብቻ አትግጠሙት። ቺፑድ በእኛ እርጥበት ያብጣል፣ ካበጠ ቪቲ አይዝም፤ አንድ ቀን ተሽከርካሪው ድንጋይ ሲመታ ሳህኑ ከነቪቲው ተነቅሎ ይወጣል። ከካቢኔው ሥር የደረቀ የዋንዛ ክፈፍ ሥሩለት፣ ክፈፉን በስቶ የሚያልፍ ብሎን አስገቡ፣ በላይ በኩል ሰፊ ሮንደላ፣ ከዚያ ዳዶ። ብሎኑ የሳህኑ ቀዳዳ የሚቀበለው ወፍራሙ ይሁን። የቱቦላሬ ክፈፍ ከሆነ ካስተሩን ራሱን አትበይዱት፦ ሙቀቱ የኩሽኔታውን ግራሶ ያቃጥላል፣ ሳህኑ የተቀባው ዚንክ ደግሞ ሲበየድ ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው። ወፍራም ላሜራ በይዳችሁ ካስተሩን በብሎን እሰሩበት።

ከሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ፤ እንጨቱ ከክብደቱ በታች ስለሚጨመቅ የመጀመሪያው ጥብቀት ይላላል። በዚያው ዕቃውን ጋደም አድርጋችሁ ፐርኖው ላይ የተጠመጠመውን ክርና ሰጋቱራ አጽዱለት።

የእንጨት መላጊያ ማሽንና ትልቁ መጋዝ ግን በሥራ ሰዓት በካስተር ላይ እንዲቆሙ አልፈቅድም፣ ፍሬን ቢኖርም። ንዝረቱ ቀስ በቀስ ያንቀሳቅሳቸዋል፣ ምላጩ አጠገብ ያለው ደግሞ የሰው እጅ ነው። ለእነሱ ካስተሩን በፔዳል ወይም በእጄታ ወርዶ ማሽኑን በሚያነሳ ክፈፍ ላይ እሰሩት፤ ማሽኑ ሲጓዝ ካስተሩ ይረግጣል፣ ሲሠራ ካስተሩ ይነሳና የብረት እግሩ ሊሾው ላይ ያርፋል።