ለውሻ በጎ ትኩረት መስጠት ምንድን ነው?

«ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ፍርፋሪ ከጣላችሁለት ይበቃዋል። በጎ ትኩረት የምትሉት ማሞላቀቅ ነው።» አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን የጻፈው ነው። ይህንኑ በየጊዜው ስለማነብ ዛሬ ልመልስለት።

በጎ ትኩረት ውሻን ቀኑን ሙሉ ሲያሻሹ መዋል አይደለም። የምንፈልገውን ነገር ሲያደርግ በዚያው ቅጽበት ማናገር፣ መዳበስ ወይም ቁራሽ መስጠት ነው። (ወጥ የነካ እንጀራ ግን አይሁን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።)

ትኩረትን እንደ ደመወዝ እዩት። ውሻ የተከፈለበትን ሥራ ይደጋግማል። በብዙ ግቢ ውሻው ጸጥ ብሎ ሲተኛ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሲጮህ ግን ባለቤቱ ከሳሎን ወጥቶ «ቦቢ! ዝም በል!» ይላል። ታስሮ ሰው ሲናፍቅ ለዋለ ውሻ ይህም ክፍያ ነው። ስሙ ተጠራ፣ ሰው መጣለት። ጸጥ ያለበት ሰዓት ያለ ደመወዝ ቀረ።

ደመወዝ ሲቋረጥበት ዝም የሚል ሠራተኛ የለም። መጀመሪያ አለቃው ቢሮ ገብቶ ይጮሃል። ውሻም ጩኸቱን ችላ ስትሉት መጀመሪያ ይብስበታል። ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ወጥቶ ሲቆጣው፣ ውሻው ጠንክሮ ከጮኸ እንደሚከፈለው ይማራል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈልበት ጠባይ ደግሞ ለመተው ይበልጥ ያስቸግራል። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአይጥና በርግብ ያሳየው ይህንን ነው።

የዘገየ ክፍያም አይሠራም። ማታ ገብታችሁ የተቀደደ ጫማ እያሳያችሁ ብትቆጡት ጭራውን ይሸጉጣል። ጥፋቱ ገብቶት ሳይሆን ፊታችሁ አስፈርቶት ነው።

ሁሉም ጩኸት ግን ደመወዝ ፍለጋ አይደለም። ፈርቶ የሚጮህን ውሻ ችላ ማለት አይረዳውም፤ ከሚያስፈራው ነገር አርቁት። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ደግሞ ሐኪም ይየው፤ ጆሮውን ወይም ጥርሱን አሞት ይሆናል። ለሃጩ ከተዝረበረበና መዋጥ ካቃተው አትጠጉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ያው አስተያየት ሰጪ «የተዳበሰ ውሻ ሌባ ይለምዳል» ይላል። ወንድሜ፣ ከቤተሰቡ ጋር የተግባባ ውሻ ለባዕድ ሰው መጮሁን አይተውም። በር ሲንኳኳ ሁለት ሦስቴ ይጩህ። ከዚያ በስሙ ጥራው። ጩኸቱን ትቶ ወዳንተ ሲመጣ፣ እግርህ ሥር እንደደረሰ ቁራሹን ስጠው። ይህን በየቀኑ ከደጋገምከው ቤትህን እየጠበቀ፣ ስትጠራው ደግሞ ጩኸቱን የሚያቆም ውሻ ይኖርሃል።