ወደ አያት አገር መመለስ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «የተማረው የዲያስፖራ ልጅ ደሙ እየጎተተው ነው የሚመጣው» ሲል ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ሶሲዮሎጂ ውስጥ ኤትኒክ ሪተርን ማይግሬሽን የምንለው ሰው እሱ ራሱ ሳይሆን ወላጆቹ ወይ አያቶቹ ወደወጡበት አገር ሲሄድ ነው። ደም የሚጎትት ቢሆንማ ሁሌም ይጎትት ነበር፣ እኛ ግን የምናየው ሕግ ሲወጣ ነው ሰዉ የሚነሳው።

እንደ ሠርግ አስቡት። ማን እንደሚጠራ፣ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደጋሹ ነው። ጃፓን በ1990 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ፋብሪካዎቿ ሠራተኛ ሲያጡ እስከ 3ኛ ትውልድ ላሉ የጃፓን ዝርያዎች በሯን ከፈተች፣ ከነሱ ብዙዎቹ የሚኖሩባት ብራዚል ደግሞ ያኔ በዋጋ ንረት እየታመሰች ነበር፣ እና ሳኦ ፓውሎ ቢሮ የነበረው ባለዲግሪ ሃማማትሱ የምትባል የጃፓን ከተማ ገብቶ በሰዓት እየተከፈለው የመኪና ዕቃ ሲገጣጥም ይውል ጀመር። ዘመድ ተብሎ ተጠርቶ ጓዳ ዕቃ አጠባ ገባ ማለት ነው። የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ በ2009 የጃፓን መንግሥት 300,000 የን መሳፈሪያ ሰጥቶ ለጊዜው በዚሁ ቪዛ እንዳትመለስ አለው። ደሙ እኮ ያው ነው!

ደቡብ ኮሪያም የ1999ኙ ሕጓ የአሜሪካውን ኮሪያዊ ሲያስገባ ከ1948 በፊት የወጡትን፣ ማለትም አብዛኞቹን የቻይናና የቀድሞ ሶቪየት ኮሪያውያን ከበር መለሰ። በ2001 ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ልክ አይደለም ብሎ በ2004 ተሻሻለ፣ ያም ሆኖ ለቻይናዎቹ በ2007 የመጣላቸው በብዛት የጉልበት ሥራ ቪዛ ነው።

የኛም ቢጫ ካርድ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች የሚሰጠው መታወቂያ፣ እንደዛው ነው። አዋጅ 270/1994 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ቅድመ አያቱ እንኳ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ይፈቅዳል፣ ምርጫ ላይ ግን ድምፅ የለውም፣ መከላከያና ደኅንነትም በቋሚነት አይቀጠርም። ተጋብዟል፣ መቀመጫው ግን ተለይቷል።

የአገር ፍቅር የለም እያልኩ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ስናደርግ «አገሬን ስለምወድ ነው» የሚሉን ብዙ ናቸው፣ አምናቸዋለሁም፣ ግን የምናናግረው እዛው የቀሩትን ነው፣ ያልሆነለት ሻንጣውን ይዞ ስለሄደ ናሙናችን ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ተመላሾች ደስተኛ ናቸው የሚል ጥናት ሲጠቀስላችሁ የሄዱትን ማን ጠየቃቸው በሉ። ተንታኙም ባለሙያዎቹ እንዲመጡ ከልቡ ከፈለገ ስለ ደም ከሚያወራ የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ ባልየው ሲቀጠር ሚስትየው ምን እንደምትሠራ ይጠይቅ።