«ጦርነቱ ተባባሰ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ተንታኝ ሰሞኑን «አሜሪካ ቬትናም የገባችው በቶንኪን ምክንያት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተባባሰ» ሲል ሰማሁ። ስንተኛው ሰው እንደሆነ እንጃ! እስቲ ይቺን «ተባባሰ» እንያት።

ጣጣው ከግሱ ይጀምራል። በሽታ ይባባሳል፤ ማንም ሳይነካው። ጦርነት ግን አባባሽ አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው።

ቶንኪንን፣ ማለትም በሰሜን ቬትናም ጠረፍ ያለውን ባሕረ ሰላጤ፣ እንውሰድ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኦገስት 2 ቀን 1964 የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ማዶክስ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ አጠቁ። ይሄ እውነት ነው። ኦገስት 4 ደረሰ የተባለው ሁለተኛ ጥቃት ግን አልነበረም። የመርከቦቹ አዛዥ ራሱ ሰዓታት ሳይቆይ፣ ራዳሩን የአየር ጠባዩ ሳያታልለው አልቀረም ብሎ መልእክት ልኳል። ቢሆንም ኦገስት 7 ኮንግረሱ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ጦር የማዝመት ሥልጣን ሰጠ። በሴኔት የተቃወሙት ሁለት ብቻ ናቸው።

ተንታኛችን የዘለላት ግን ይቺን ነው፦ በ1963 መጨረሻ 16,000 ያህል አሜሪካውያን «አማካሪ» ተብለው እዚያው ነበሩ። ቶንኪን ሰበብ እንጂ መነሻ አይደለም። («አማካሪ» የሚለው ቃልም አያታልላችሁ። አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ይዘው ውጊያ ውስጥ የሚገቡ ነበሩባቸው።)

ቤት ያሠራ ሰው ይሄ ይገባዋል። ሲሚንቶ ታስገባለህ። እንዳይሰረቅ ዘበኛ ትቀጥራለህ። ዘበኛው ዝናብ መታኝ ይላል፤ የቆርቆሮ ቤት ትሠራለታለህ። ቆርቆሮው ደግሞ ሌባ ይጠራል፤ አጥር ታጥራለህ። ገንዘቡ አለቀ፣ ቤቱ ግን ገና መሠረት ላይ ነው። «ልተወው» እንዳትል ሲሚንቶው አለ።

ማርች 8 ቀን 1965 ደቡብ ቬትናም ውስጥ ዳናንግ የወረዱት 3,500 የባሕር ኃይል እግረኞች ዘበኛ ነበሩ። ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሚነሱበትን ማረፊያ ሊጠብቁ ነው የመጡት። በኤፕሪል መጀመሪያ ከአጥሩ ወጥተው እንዲዋጉ ተፈቀደ፤ ወሬውም እንዳይናፈስ ታዘዘ። በዓመቱ መጨረሻ በአገሩ የነበረው የአሜሪካ ጦር 184,000 ገደማ ደረሰ። በ1968 ከ500,000 አለፈ።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሌባው ዝም ብሎ ሌባ አይደለም፤ እሱም ስብሰባ ይቀመጣል። ሃኖይም (የሰሜን ቬትናም መንግሥት) በዚያው ሰሞን መደበኛ ጦሯን ወደ ደቡብ እያወረደች ነበር። ዋሽንግተን ሃኖይን እያየች ትጨምራለች፣ ሃኖይ ዋሽንግተንን እያየች።

ጁላይ 28 ቀን 1965 ጆንሰን ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ጦሩን ከ75,000 ወደ 125,000 እንደሚያሳድግ በራሱ አፍ ተናገረ። ወንድሜ ተንታኙ፣ ይሄንንስ «ተባባሰ» ትለዋለህ?