የእሳተ ገሞራ አመድ ምንድን ነው?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ እዚህ አዳማም ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አመዱ ነበር። ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን «ለመሆኑ ምን ተቃጥሎ ነው ይሄ ሁሉ አመድ?» ብለው ጠየቁ። ደግ ጥያቄ ነው። እኛ አመድ የምናውቀው ከምድጃ ነዋ። እንጨቱ ወይ ኩበቱ ነድዶ ሲያልቅ የሚቀረውን።

የእሳተ ገሞራ አመድ ግን የምንም ነገር ቃጠሎ ትራፊ አይደለም። የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው።

እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ይበቃል። ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ዓይን ያወጣል። ማግማም፣ ማለትም ከመሬት በታች የቀለጠው አለት፣ ውስጡ ጋዝ ታምቆበታል። ወደ ላይ ሲቀርብ የሚጫነው ክብደት ይቀልለታል፤ ጋዙ አረፋ ይሆናል። አረፋው እንዳለ ከደረቀ ዓይናማ ድንጋይ ይወጣል። ጋዙ በኃይል ከፈነዳ ደግሞ የዓይኖቹ ግድግዳ ብትንትኑ ይወጣል። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ስብርባሪ አመድ ይባላል።

አዳማ ላይ ዓይናማውን ድንጋይ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብሎኬት የሚመረትበት ሜዳ ላይ የተቆለለው ነጣ ያለ ፑሚስ እሱ ነው። አንዱን ጠጠር አንስታችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ይንሳፈፋል። ዓይኖቹ ውስጥ አየር አለ። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፣ ከበድ ይላል እንጂ።

የምድጃ አመድ በጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት ይልማል። ይሄኛው ይቧጭራል። ውሃ አያሟሟውም። ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፤ ጣሪያ ላይ ከተከመረ ጣሪያ ያፈርሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት አይገባም፣ በውሃ ማጠብ ነው። አፍዴራ አካባቢ ግጦሹን ሲሸፍነው ችግሩ የአርብቶ አደሩ ሆነ፤ ፍየልና ግመል አመድ የለበሰ ሣር በልተው አይጠግቡም። አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ከገባ ደግሞ ይቀልጥና ይጣበቃል። የሃይሊ ጉቢ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ሲደርስ በረራዎች የተሰረዙት ለዚህ ነው።

አመዱ ውሎ አድሮ ይወርዳል። ቶሎ የማይወርደው አብሮት የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። በጣም ከፍ ካለ ወደ ጥቃቅን የአሲድ ጠብታ ተለውጦ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳ፣ የዓለም አማካይ ሙቀት ለጊዜው በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀንሷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰማይ ላይ ያለው አይደለም፤ ከእግራችን ሥር ያለው ነው። የስምጥ ሸለቆ ወለል ከብዙ ዘመን በፊት በወረደ አመድና ፑሚስ የተሞላ ነው። የጉድጓድ ውሃ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ትንሹ ለጥርስ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ በማደግ ላይ ያለ የሕፃን ጥርስ ይበልዛል፤ በጣም በዝቶ ለዓመታት ከተጠጣ አጥንት ያደርቃል፣ ወገብ ያጎብጣል።

ያቺ የጠየቁት ጎረቤታችን የወንጂ ልጅ ናቸው። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ጥርሳቸው ልጅ ሳሉ ነው የበለዘው። መፋቂያም ሆነ የጥርስ ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው። የንጽህና ጉድለት አድርጎ የሚያየው ሰው ሲገጥመኝ ያናድደኛል።

አዳማ ከተማ የሚጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ስለሆነ እዚህ የሚያድጉ ልጆች ዕድለኞች ናቸው። በዙሪያው ጉድጓድ የሚጠጡ ግን አሉ። ጎረቤታችን «አፍልቼ ባጠጣቸውስ?» አሉኝ፣ የልጅ ልጆቻቸውን አስበው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተን ሲጎድል የቀረው ይበረታል። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይዱ ተለክቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከፍ ያለ ከሆነ ለመታጠቢያና ለልብስ ይሁን፤ ለሕፃናቱ መጠጥ ንጹሕ ሮቶ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል፣ እሱን ማፍላት ነው።