«ወታደር ቤት እኮ ነው»፦ በምልምል ወታደሮች ላይ ስለሚደርስ በደል የሚነገሩ ስሕተቶች

በእንግሊዝ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ልጃቸው ሠራዊት የገባባቸውን ወይም ሊገባ የተነሣባቸውን ወላጆች ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚያ በፊት በአገር ቤት በሃምሳ አለቃነት ምልምሎችን አሠልጥኛለሁ። በሁለቱም አገር ልጁ ተደበደበ ሲባል፣ ተሰደበ ሲባል፣ የሚተኛበት ፍራሽ በውሃ ራሰ ሲባል የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «ወታደር ቤት እኮ ነው፤ ምን ይጠበቃል?» ይህን መልስ መስማት ስለታከተኝ፣ ከሥሩ ያሉትን የተሳሳቱ እምነቶች አንድ በአንድ ላነሣቸው ወሰንኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የሚጠቃው ደካማው ልጅ ነው።» ሐሰት ነው። አዲስ የመጣው፣ መልኩ ወይም አነጋገሩ የተለየው፣ ሴቷ፣ አንዳንድ ጊዜም በሩጫ ሁሉን የቀደመው ይጠቃል።

«ይህ በግዳጅ የሚመለምሉ አገሮች ችግር ነው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሩሲያን ይጠቅሳሉ፤ በእርግጥም የሩሲያ ታሪክ ከባድ ነው። አሮጌዎቹ ወታደሮች አዲሶቹን የሚያሰቃዩበት ልማድ እዚያ «ዴዶቭሺና» ይባላል፤ «የአያቶች አገዛዝ» እንደ ማለት ነው። የወታደር እናቶች በ1989 ኮሚቴ አቋቁመው የታገሉት ይህንኑ ልማድ ነው። በ2006 አዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት በቼልያቢንስክ የታንክ ትምህርት ቤት አንድሬይ ሲቾቭ የተባለ ወጣት ለሰዓታት ቁጢጥ ብሎ እንዲቆይ ተገድዶ ሁለቱም እግሮቹ እስከ መቆረጥ ደረሱ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ሠራዊት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ፈቃደኞችን ብቻ የሚቀጥር ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ በታች የማነሣው የዲፕካት ጦር ሰፈር ታሪክ የተፈጸመው በእርሱ ውስጥ ነው። ወዶ መፈረም ልጁን ከዱላ አያድነውም።

«ዱላና ውርደት ወታደርን ያጠነክራሉ።» ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ አንድም ቀን ምልምል አሠልጥነው የማያውቁ ናቸው። ከባድ ሥልጠናና በደል በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ላብ፣ ጩኸትና ድካም አለ። ነገር ግን ከባድ ሥልጠና ዓላማ፣ ልክና ማብቂያ ሰዓት አለው፤ በዕለቱ ፕሮግራም ላይ የተጻፈ፣ አዛዡ የሚያውቀው፣ አሠልጣኙም በማንኛውም ሰው ፊት ሊያሠራው የማያፍርበት ነው። በደል ግን የሚፈጸመው መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በሻወር ቤትና በመኝታ አዳራሽ፣ አለቃ በሌለበት ነው። አንድ ድርጊት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት የሻለቃው አዛዥ በድንገት በሩን ቢከፍት ይቀጥል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

አንድ ያየሁትን ልናገር። ከእኔ ጋር ያሠለጥን የነበረ አንድ ባልደረባዬ «አመመኝ» ያለውን ምልምል ሁሉ በሰልፍ ፊት በዱላ ይመታ ነበር፤ እኔም በጊዜው ዝም ብያለሁ፤ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከረጅም የሌሊት ጉዞ በኋላ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከሰልፉ ወደቀ። ቦት ጫማው ሊወልቅ ስላልቻለ በሰንጢ ቀደድነው። ካልሲው ከተረከዙ ቁስል ጋር ተጣብቆ ደርቋል፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጠቁሯል። ቁስሉ ከጀመረው ሦስት ቀን ሆኖት ነበር፤ ሦስቱንም ቀን የተናገረው ነገር የለም። ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው ዓይኑን ወደ ባልደረባዬ አዞረ እንጂ አልመለሰልኝም። ያ ልጅ በዱላው የተማረው ጉዳትን መደበቅ ነው። የቁስሉን ነገር የደበቀ ወታደር ነገ መሣሪያው መክሸፉን፣ በዘብ ሰዓቱ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ የተሰጠው ትእዛዝ እንዳልገባው ይደብቃል፤ በጦር ሜዳ ደግሞ እንዲህ ያለው መደበቅ ጓዶቹን ያስገድላል።

ደቡብ ኮሪያ ይህን በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት መንገድ አይታዋለች። በሚያዝያ 2014 ዩን የተባለ የ20 ዓመት ወታደር ከአንድ ወር በላይ በአንድ ክፍል አብረውት በነበሩ ቀዳሚዎቹ ሲደበደብ ቆይቶ ሞተ። በሰኔ ወር ደግሞ በድንበር ጥበቃ ላይ የነበረ አንድ ሃምሳ አለቃ በጓዶቹ ላይ ቦምብ ወርውሮና ተኩሶ አምስት ገደለ፤ ከተያዘ በኋላም በክፍሉ ውስጥ ይገለልና ይሾፍበት እንደነበር ተናገረ። ግድያውን የሚያጸድቅ ምክንያት የለም። ቢሆንም ውርደት አንድነትን ያጠነክራል የሚሉኝ ሰዎች የአምስቱን ሟቾች ክፍል ጠንካራ ክፍል ብለው ሊጠሩት ይችሉ እንደሆነ ቢነግሩኝ እወዳለሁ።

«አቤት ማለት ከዳተኝነት ነው፤ ለውጥም አያመጣም።» ከ1995 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የዲፕካት ጦር ሰፈር ሾን ቤንተን፣ ሼሪል ጄምስ፣ ጄፍ ግሬይና ጄምስ ኮሊንሰን የተባሉ አራት ሠልጣኞች በጥይት ቆስለው ሞቱ። ትልቁ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሁለቱ ገና 17 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ሰፈር ሠልጣኞችን በወሲብ ያጠቃ አንድ አሠልጣኝ በ2004 ታስሯል። የሕግ ባለሙያው ኒኮላስ ብሌክ በመጋቢት 2006 ባወጡት የምርመራ ውጤት ሟቾቹ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ እንዳጠፉ የሚያሳየው ማስረጃ እንደሚያመዝን ገለጹ፤ ነገር ግን የአሠልጣኞቹ ቁጥር ከሠልጣኞቹ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን እንደነበረ፣ በደል መፈጸሙንና ከእዝ ሰንሰለቱ ውጭ ቅሬታ የሚሰማ አካል እንደሚያስፈልግ ጻፉ።

ወላጆቹ ግን በዚህ አላበቁም። ለሦስቱ ልጆች ሁለተኛ የአሟሟት ምርመራ ያስደረጉት በ2016፣ በ2018 እና በ2019 ነው። የልጃቸውን ሞት ሃያ ዓመት ያህል የተከታተሉትን እነዚህን ሰዎች የሠራዊቱ ጠላት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ነውር ነው። በ2008 የሠራዊት ቅሬታ ኮሚሽነር ሥራ የጀመረው፣ በ2016 ደግሞ ሰፋ ያለ ሥልጣን ያለው እምባ ጠባቂ የተተካው የእነርሱ ጩኸት ባለመቋረጡ ነው።

ሁሉም ተስተካክሏል አልልም። ጄይስሊ ቤክ የተባለች የ19 ዓመት ወታደር በአንድ የበላይዋ ጥቃት እንደደረሰባት ሪፖርት አድርጋ የተሰጣት የይቅርታ ደብዳቤ ነበር፤ በታኅሣሥ 2021 ሞተች። በየካቲት 2025 የአሟሟቷን ምርመራ ያካሄዱት ዳኛ የሠራዊቱ አያያዝ ለሞቷ አስተዋጽኦ እንደነበረው ወስነዋል።

«አንዴ ከፈረመ መውጣት አይችልም።» በእንግሊዝ አገር አንድ ልጅ በ16 ዓመቱ መግባት ይችላል፤ 18 ዓመት ሳይሞላው ለመግባት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ደግሞ የጊዜ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የመውጣት ሕጋዊ መብት አለው። ወላጆች የፈቃዱን ቅጽ ይፈርማሉ፤ ይህን መብት ግን አብዛኞቹ ከእኔ ነው የሚሰሙት። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት።

«ልጄ ደህና ነኝ ብሎኛል።» ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። አንዲት እናት ልጇ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ሌሊት ተነሥታ ክፍሉን ብትመለከት አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ልጁ ወለሉ ላይ ጃኬቱን ተከናንቦ ተኝቷል። አንሶላው አንድም መጨማደድ የለበትም፤ ጥጉ በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል። ጠዋት ቡና ላይ ስትጠይቀው «ለምጄው ነው» አላት። በማሠልጠኛው ያነጠፈውን አልጋ ከፍተሻ በፊት በውሃ እያራሱ ያስቀጡት እንደነበር የነገራት በሦስተኛው ቀን ነው።

እርሷን የመከርኳትን ለሁሉም እመክራለሁ። አትጩኹበት፤ «ወንድ አይደለህም ወይ» አትበሉት። የሆነውን ነገር ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና በቦታው ከነበሩት ሰዎች ጋር በደብተር ጻፉ፤ የስልክ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ቁስል ካለ ሐኪም ይየውና ይመዝገብ። ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አለቃው ራሱ በዳይ ከሆነ እምባ ጠባቂው፣ ወይም በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት እርሱን የሚተካው የጦር ኃይሎች ኮሚሽነር፣ ቤተ ሰብ ያቀረበውን ጉዳይ ተቀብሎ ወደሚመለከተው መኮንን የመምራት ሥልጣን አለው። ቅሬታ በመሠረቱ ድርጊቱ ከተፈጸመ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ጊዜ «እስቲ ይለፍለት» እያለ ያሳልፈዋል። የዚያ ልጅ እናት ደብተሩን የጀመረችው ልጇ በነገራት ዕለት ነበር፤ ልጁ ፈርሞ አቤቱታው ሲገባ ከገደቡ የቀረው አሥር ቀን ብቻ ነበር።